ከጥገና በኋላ የቤንዚን ትነት ሥርዓት ፍተሻ በቆቦና በራያ ቆላ

የቤንዚን ተሽከርካሪ ታንክ የሚያመነጨው ትነት በከሰል ማጣሪያ ተይዞ በሞተሩ ውስጥ ይቃጠላል። በቆላ ሙቀት ትነቱ ስለሚበዛ ቀዳዳ ከተገኘ የሚባክነው ነዳጅም ሆነ የእሳት አደጋው ይጨምራል። ክዳን፣ ቱቦ ወይም ቫልቭ ተቀይሮ የብልሽት ኮዱ ሲሰረዝ ግን የዳሽቦርዱ መብራት መጥፋቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የኮምፒዩተሩ የፍተሻ ውጤትም አብሮ ይሰረዛልና።

ራስ-ፍተሻው ባላቸው ተሽከርካሪዎች ዳግም ምርመራው በአብዛኛው የሚካሄደው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሣ፣ ታንኩ ከ15 እስከ 85 በመቶ ሲሞላና የአየሩ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይበልጥ ነው። ብዙዎቹ ከ2,440 ሜትር ገደማ በላይ ምርመራውን ያቆማሉ። ስለዚህ በ1,470 ሜትር ገደማ በምትገኘው ቆቦ ከፍታው አያግድም፤ የቀትሩ ሙቀት ግን ሊያግድ ይችላል። ተሽከርካሪውን አሳድሮ ማለዳ ማስነሣት ይመረጣል። ደሴ ላይ በአንጻሩ ከፍታው ራሱ እንቅፋት ሊሆን ይችላል።

ቀጥተኛው ማረጋገጫ የጭስ ፍተሻ ነው። የአየር ማስገቢያ ቫልቩ ተዘግቶ ጭስ ከናይትሮጅን ጋር ከ3.5 ኪሎፓስካል ባልበለጠ ግፊት ይገባል፤ ጭሱ የሚወጣበት ቦታም ቀዳዳውን ያሳያል። የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ግን መጠቀም አይገባም፤ ግፊቱ ክፍሎችን ይጎዳል፣ ኦክስጅኑም ከትነቱ ጋር ተቀላቅሎ ለእሳት ያጋልጣል። ጥገናው ተጠናቀቀ የሚባለው ምርመራው ተካሂዶ ማለፉ በመሣሪያ ሲነበብ ወይም ጭሱ የትም ሳይወጣ ሲቀር ነው።