አልጋው ላይ አስተኛውና ዓይኑን እይ

ልጄ፣ ሐኪም ሆነህ ከሚሴ መመደብህን ሰማሁ፤ ደግ አደረጉ። ስለ ወባና ስለ እናቶች ጤና የሚመክርህ አታጣም። እኔ የምጽፍልህ «ያዞረኛል» እያለ ስለሚመጣው ሰው ነው። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ደሙን ሰጥቶ «ታይፎይድ ነው» ወይም «ደም ማነስ ነው» ይባልና ኪኒን ይዞ ይሄዳል፤ ሳምንት ሳይሞላው እያዞረው ይመለሳል።

1. ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ምን ስታደርግ ይነሳብሃል? ሲነሳ ምን ያህል ይቆያል? ጆሮህስ እንዴት ነው? «ማዞሩን ግለጽልኝ» እያልክ አታስጨንቀው። ቤቱ የሚሽከረከርበትም፣ ብድግ ሲል ዓይኑ የሚጨልምበትም፣ ፈዞ የዋለውም ሁሉም «ያዞረኛል» ነው የሚሉህ። አፋን ኦሮሞህ ካልደረሰ አስተርጓሚ ጥራ። በበጋ ደግሞ ከብቱንና ግመሉን ይዞ ወደ ጨፋ ረግረግ የሚወርድ አፋር ይመጣብሃል፤ ለእሱም እንደዚያው።

2. «ሱጁድ ስወርድ ምድር ዞረብኝ» ያለህ ሰው የምርመራውን ግማሽ ሠርቶልሃል። አልጋ ላይ ሲገላበጥ፣ ሲያጎነብስ ወይም ወደ ላይ ቀና ሲል የሚነሳ፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የሚለቅ፣ መስማትን የማይነካ ማዞር የአቀማመጥ አዙሪት ነው። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ የካልሲየም ካርቦኔት ደቃቅ ጠጠሮች አሉ። ከቦታቸው ለቀው ከሦስቱ ግማሽ ክብ ቱቦዎች ወደ አንዱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋለኛው ይገባሉ። ራስ ሲዘነበል በቱቦው ያለውን ፈሳሽ ይገፉታል፤ አንጎልም ሰውየው የሚሽከረከር ይመስለዋል። በዕድሜ የገፉትና ጭንቅላታቸውን የተመቱ ይበዛባቸዋል። በረመዳን ከሰዓት በኋላ ሲቆም የሚያዞረው ሌላ ነው፤ የእሱን ደም ግፊት ተኝቶም ቆሞም ለካ። ተኝቶ ሲገላበጥ የሚዞርበትን ግን የግፊት መውረድ ነው አትበለው፤ የተኛ ሰው ግፊቱ በመገላበጥ አይወርድም።

3. ለምርመራው የሚያስፈልግህ አልጋና ሁለት እጅህ ነው። ማርጋሬት ዲክስና ቻርልስ ሆልፓይክ እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጡት ዘዴ ነው። (ፈረንጁ በእነርሱ ስም ይጥራው እንጂ ሮበርት ባራኒ በ1921 ሕመሙን ገልጾት ነበር። ባራኒ የ1914ቱን የኖቤል ሽልማት ማግኘቱን የሰማው በሩሲያ የጦር ምርኮኛ ሆኖ ነው።) ቀኙን ለመመርመር በሽተኛውን አልጋው ላይ እግሩን ዘርግቶ አስቀምጠው፤ ራሱን 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ አዙርና ፈጠን ብለህ በጀርባው አስተኛው፤ ጭንቅላቱ ከአልጋው ጠርዝ 20 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይበል። ዓይኑን እንዳይጨፍን ንገረው። የታመመው ያ ጆሮ ከሆነ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ዓይኑ ወደ ታችኛው ጆሮና ወደ ግንባሩ እየተሽከረከረ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ በራሱ ይበርዳል። ግራውንም እንዲሁ አድርግ። አንገቱ የተጎዳ ወይም የአከርካሪ ቲቢ ያለበት ከሆነ ግን አትንካው።

ሴት ከሆነች ሻሿን አታስወልቅ፤ የሚያስፈልግህ ዓይኗ ነው። የምታደርገውን አስቀድመህ ንገራት፤ እናቷ ወይም ባሏ አጠገቧ ይቁሙ። «አብሽሪ፣ ትንሽ ይዞርብሽና ይተዋል» በላት። ባልዲም አቅርብ፤ ያስመልሳል።

4. ያየኸውን ወዲያው አክም። አሜሪካዊው ጆን ኤፕሊ ከዚህ በታች ያለውን የማከሚያ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1980 ለሙያ ባልደረቦቹ ሲያሳይ ያመነው ጥቂት ነበር፤ በጽሑፍ የወጣው በ1992 ነው። ቀኙ ከታመመ፦ ከላይ እንዳልኩህ አስተኝተህ ማዞሩ እስኪቆም፣ ቢያንስ 30 ሰከንድ፣ ጠብቅ። ራሱን 90 ዲግሪ ወደ ግራ መልሰህ ያን ያህል ቆይ። ከዚያ መላ ሰውነቱን በግራ ጎኑ አዙረህ አፍንጫው ወደ ወለሉ እንዲያይ አድርግና ቆይ። በመጨረሻ ቀስ ብለህ በጎኑ አስነሳው። ከአምስት አራቱ ያህል በአንድ ወይም በጥቂት ጊዜ ይድናሉ። በጾምም ይሠራል፤ የሚዋጥ ነገር የለውም። «ለሁለት ቀን ተቀምጠህ ተኛ» የሚለው የድሮ ትእዛዝ አያስፈልግም።

ዓይኑ ወደ ጎንና ወደ ጎን ብቻ ከተንቀጠቀጠ ጠጠሩ ያለው በአግዳሚው ቱቦ ነው፤ ያ ሌላ ማገላበጥ ስላለው ከመጽሐፍህ አጥና።

5. ፕሮሜታዚን፣ ሲናሪዚንና ዲያዜፓም ጠጠሩን ወደ ቦታው አይመልሱም። የባሰ ማስመለስ ላለበት ለቀን ሁለት ቀን ይጠቅማሉ። ከዚያ በላይ ሲወሰዱ ያፈዛሉ፤ ሽማግሌ ይጥላሉ፤ አንጎልም ሚዛኑን መልሶ እንዳይለምድ ያግዱታል። «ግሉኮስ ስቀልልኝ» የሚልህ አይጠፋም። አትቆጣው፤ መጀመሪያ አስተኝተህ ዓይኑን እይለት።

6. ማዞር ሁሉ ግን ጠጠር አይደለም። ቀንና ሌሊት ሳይለቅ ለቀናት የሚያዞር፣ መስማቱ ያልተነካ ከሆነ የሚዛን ነርቭ ብግነት ሊሆን ይችላል፤ ማስመለሱ ጋብ ሲልለት ቶሎ ተነሥቶ ይራመድ። ከ20 ደቂቃ እስከ ሰዓታት የሚቆይ፣ ከጆሮ ጩኸትና ከመስማት መቀነስ ጋር እየተመላለሰ የሚመጣ ከሆነ የሜኒየርን በሽታ አስብ። ስትሬፕቶማይሲን ወይም ጄንታማይሲን ተወግቶ እንደሆነም ጠይቅ፤ እነዚህ የሚዛኑን ክፍል እስከ ወዲያኛው ሊያጠፉት ይችላሉ። እንዲህ ያለው ሰው ከመሽከርከር ይልቅ በጨለማ መንገድ መንገዳገድ ነው የሚያማርረው። ኩዊኒን የሚቀበለው የወባ በሽተኛም ይዞርበታል፣ ጆሮው ይጮኻል፤ የእሱ ግን መድኃኒቱ ሲቆም ይለቃል።

7. ለመላክ አትዘግይ። ንግግሩ የተኮላተፈ፣ አንድ ጎኑ የዛለ፣ ነገር ሁለት ሆኖ የሚታየው፣ አዲስ ከባድ ራስ ምታት የያዘው ወይም ጭራሽ መቆም ያቃተው የጆሮ በሽተኛ ነው ብለህ አታሳድር፤ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ስታስተኛው ዓይኑ ወደ ታች ብቻ የሚንቀጠቀጥና የማይበርድ ከሆነም አንጎሉን ጠርጥር። በድንገት የደነቆረም እንዲሁ አስቸኳይ ነው።

ጆሮው ለዓመታት መግል ሲያፈስ ኖሮ አሁን ማዞር የጀመረውን ልጅ ደግሞ በተለይ ልብ በል። ጠብታ ሰጥተህ አትመልሰው፤ ቁስሉ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ዘልቆ ይሆናል፣ ከዚያም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል።

8. የአቀማመጥ አዙሪት ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድመህ ንገራቸው፤ ቢመለስባቸው ሐኪሙ አልቻለም ብለው ተስፋ እንዳይቆርጡ። እስኪሻለው ተቀምጦ መስገድ ይችል እንደሆነ ከኢማሙ ጋር ይነጋገር፤ አዙሪቱ እስኪለቅ ግመል ላይ አይውጣ፣ ሞተርም አይንዳ። ከሰንበቴ ወይም ከባቲ የመጣውን በቀጠሮ አታንገላታው፤ ለገበያ በሚወጣበት ሰሞን ብቅ እንዲል ንገረው። ካርዱ ላይ የትኛው ጆሮ እንደሆነ፣ ዓይኑ ወዴት እንደተንቀጠቀጠና ስንት ሰከንድ እንደቆየ ጻፍ። ደሴ የምትልከውም ቢሆን የሚቀበለው ሐኪም ከ«ማዞር አለበት» የበለጠ ነገር ወረቀቱ ላይ ያግኝ።