ለምክር ቤት ስለሚቀርብ ቃል

ወጣቱ፦ አባቴ፣ መሥሪያ ቤታችን ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጋር ያለውን ግንኙነት እንድከታተል ከተመደብሁ ወዲህ ተግባሬን አጥርቶ የነገረኝ የለም፤ አንዱ «ደብዳቤ አመላልስ» ሲለኝ ሌላው «የቋሚ ኮሚቴውን አባላት በደንብ አስተናግድ» ይለኛል። እርስዎ በዚህ ሥራ የሸበቱ ነዎትና ምን ይመክሩኛል?

አረጋዊው፦ ልጄ፣ ሁለቱም ሥራህን አልነገሩህም። መነሻህ ሕጉ ይሁን፤ በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለ ሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን እንዳለው ሲደነግግ፣ መልስ መስጠት የሹሙ ችሮታ ሳይሆን ዕዳው መሆኑን ያስረዳልና፣ የአንተ ድርሻ ይህ ዕዳ በጊዜውና በሙሉ እንዲከፈል ማድረግ ነው።

ወጣቱ፦ «በጊዜው» ሲሉ?

አረጋዊው፦ ምክር ቤቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የበጀቱ ዓመት ደግሞ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ረቂቅ አዋጁን እስከ ሰኔ ያቆየ መሥሪያ ቤት አባላቱን በበጀት ተጠምደው ያገኛቸዋል፤ ያን ጊዜ «አስቸኳይ ነው» ቢል ጥርጣሬን ያተርፋል። ወደ ኮሚቴው አስረጂ አድርገህ የምትልከውም አንቀጾቹን ያረቀቀው ባለሙያ ይሁን እንጂ፣ ማዕረጉ ከፍ ስላለ ብቻ የተመረጠ አይሁን።

ወጣቱ፦ ለመስክ ምልከታ ሲመጡስ? አለቆቼ ግቢው ቀለም እንዲቀባ አዘዋል።

አረጋዊው፦ ቀለሙ አይከፋም። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም ተወው። ለገጠር ውኃ የተገዙ ፓምፖች «ተተክለው አገልግሎት እየሰጡ ነው» ተብሎ በስድስት ወሩ ሪፖርት ከተጻፈ በኋላ ቋሚ ኮሚቴው መጣ፤ እንግዶቹ ቄጠማ በተጎዘጎዘበት አዳራሽ ገለጻ ሲሰሙ ሳለ፣ ቀድሞ በንብረት ክፍል ያገለገሉ አንዲት ወይዘሮ ከአባላቱ መካከል ተነሥተው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ አለፉና ቢን ካርዱን አውጥተው አነበቡት። በሞዴል 19 የገባው ፓምፕ በሞዴል 22 አልወጣም ነበር። ኃላፊው «በሂደት ላይ ነው» አሉ፤ ይህች ሐረግ በየመሥሪያ ቤቱ ስንት ገመና እንደሸፈነች ቤት ይቁጠረው። ነገሩ ሲጣራ ፓምፖቹ የተከማቹት የመብራት መስመር ወደ መንደሮቹ ስላልደረሰ ነበር፤ ይህን እውነተኛ ምክንያት በሪፖርቱ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብንጽፈው ኖሮ፣ ኮሚቴው ራሱ መስመሩን መዘርጋት የነበረበትን መሥሪያ ቤት ጠርቶ በጠየቀልን ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ትክክለኛውን ቁጥር ስናቀርብ እንኳ ማስረጃ አምጡ ተባልን፤ ለነፍስ አባቱ ኃጢአቱን ከፍሎ የተናዘዘ ሰው ንስሐው እንደማይሠምርለት፣ ከፊሉን የሰወረ ሪፖርትም የገለጠውን ከፊል አያሳምንም።

ወጣቱ፦ ዋናው ኦዲተርስ?

አረጋዊው፦ የእርሱ ሪፖርት ለምክር ቤቱ የሚቀርብ ስለሆነ፣ ያልተወራረደ ሂሳብህ በአንተ አንደበት ካልተነገረ በእርሱ ይነገራል። ቀድመህ ተናገረው፤ መቼና እንዴት እንደምታወራርደውም አብረህ ጻፍ።

ወጣቱ፦ ይቅርታዎን አባቴ፣ አባላቱ በብዛት ከገዢው ፓርቲ ሲሆኑ ይህ ሁሉ ጥያቄ ለይስሙላ አይደለምን?

አረጋዊው፦ ብዙ ጊዜ እንዲያ ሆኗል፣ አልክድህም፤ በጉባኤው እጅ ሲወጣ ብቻ ያየ ሰው ከአንተ የተለየ አይልም። ነገር ግን ኮሚቴው በጠባቧ ክፍል ሲቀመጥ፣ ያ ፓምፕ ካልደረሰበት ወረዳ የተመረጠው ሰው ጥያቄውን ከፓርቲው ጽሕፈት ቤት አያመጣውም፤ እናቱ ከወንዝ የምትቀዳ ናትና። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 54 ተወካዩን ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ያስገዛዋል። እኔ እንደታዘብሁት ጥያቄን ለይስሙላ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ መላሹ ነው።

ወጣቱ፦ ኃላፊዬ ጉድለቱ የተጻፈበትን ገጽ አውጣው ቢሉኝስ?

አረጋዊው፦ አትሟገታቸው። ገጹን ማውጣት የማይገባበትን ምክንያት በማስታወሻ ጻፍና በመዝገብ ቤት በኩል ቁጥር አሰጥተህ አቅርብላቸው፤ ግልባጩ ከፋይሉ ይያያዝ። ገጹ ከወጣ በእርሳቸው ፊርማ ይውጣ፤ በኮሚቴው ፊት አጠገባቸው የምትቀመጠው አንተ ነህና፣ ያን ፋይል ይዘህ ግባ።