ዛፍ በባልዲ፦ ለናይሮቢ በረንዳ የሚስማሙ ብርቅ ፍሬዎች

ናይሮቢ አፓርታማ ተከራይቶ ብርቅ ፍሬ ልትከል የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዱሪያን፣ ስለ ማንጎስቲንና ስለ ራምቡታን ነው። ሦስቱም ለዚህ ከተማ አይሆኑም፤ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ይህን ማወቅ ይሻላል። ናይሮቢ ለምድር ወገብ የቀረበች ብትሆንም ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ከሐዋሳ ትንሽ ከፍ የምትል ከተማ ናት። በሐምሌ ሰማዩ ለሳምንታት ይዳምናል፤ ሌሊቱም ወደ 11 እና 12 ዲግሪ ይወርዳል። ማንጎስቲን ዓመቱን ሙሉ ሙቀትና ወበቅ የለመደ ዛፍ ነው፤ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ እድገቱ ያዘግማል። ሞምባሳ ከሆናችሁ ሌላ ጉዳይ ነው።

ዛፍ በዕቃ ሲተከል ከመሬቱ ይላቀቃል እንጂ ከአየሩ አይላቀቅም። ስለዚህ መፈለግ ያለበት የትሮፒክ ደጋና ወይና ደጋ ያበቀለው ፍሬ ነው፤ ምርጫውም አያንስም። ቼሪሞያ ከአንዲስ ተራሮች ሸለቆዎች የመጣ የጊሽጣ ዘመድ ነው። ፌይጆዋ ከደቡብ ብራዚልና ከኡራጓይ ነው፤ ብርድ አይፈራም። የዛፍ ቲማቲም ከዘር ተነሥቶ በሁለት ዓመት ገደማ ያፈራል፤ ናይሮቢ ገበያ ላይ ሞልቶ ስለሚገኝ ግን ብርቅ አይባልም፤ ለልምምድ ይሁናችሁ። በሲዳማና በጌዴኦ ጓሮዎች የምናውቀው ካዝሚርም አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ናይሮቢን ይወዳታል፤ ነገር ግን ትልቅ ዛፍ ስለሚሆን በዕቃ ውስጥ የሚያዘው የተዳቀለ ችግኝ ተገዝቶ በየጊዜው ከተከረከመ ብቻ ነው።

ለእኔ ከሁሉም ለዕቃ የተፈጠረ የሚመስለው የብራዚሉ ጃቡቲካባ ነው። አበባውም ፍሬውም ግንዱ ላይ ይለጠፋሉ፤ ፍሬው ጥቁር ወይን ይመስላል። ከተለቀመ በሦስትና በአራት ቀን መፍላት ስለሚጀምር ነጋዴ አይደፍረውም፤ መብላት የፈለገ ራሱ መትከል አለበት። እድገቱ ዝግ ያለ፣ ሥሩም ቀጫጭንና ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ጠባብ ቦታ አያስጨንቀውም። ችግሩ ትዕግሥት ነው፤ ከዘር የተነሣ ጃቡቲካባ ስምንት፣ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል። ቀዩ ዲቃላ ዝርያ ግን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ያፈራል።

(ብርቅ ፍሬ ፍለጋ ስንደክም ደግሞ በየግቢው ያለውን እንረሳለን። የናይሮቢን አጥሮች የሞላው እሾሃማው የኬይ አፕል ቁጥቋጦ የእኛ የኮሽም የቅርብ ዘመድ ነው፤ ቢጫ ፍሬው ቢጎመዝዝም ማርማላታ ይወጣዋል።)

ከአዲስ አበባ በሻንጣ ዘር ወይም ቅርንጫፍ ይዞ መምጣት ያገራችን ሰው ልማድ ነው። ኬንያ ውስጥ ግን ማንኛውም ችግኝም ሆነ ዘር ሲገባ ኬፊስ ከተባለው የዕፅዋት ጤና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቅበታል። ነገሩ ወረቀት ማብዛት አይደለም። ነጭ የማንጎ ቅማል በ2010 እ.ኤ.አ. ምሥራቅ ወለጋ ላይ ታይቶ ከዚያ በየማንጎ አካባቢው የተዛመተ ተባይ ነው፤ እንዲህ ያለው ነፍሳት ቅጠልና ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ አገር ይሻገራል። ከናይሮቢ ችግኝ ጣቢያ ስትገዙም ፕላስቲኩን ከታች ገልጣችሁ ሥሩን እዩ። ዙሪያውን ተጠምጥሞ እንደ ገመድ የተጠቀለለ ከሆነ ቅጠሉ ምንም ያህል ቢያምር ተዉት።

አሁን ወደ አፈሩ። በከተማዋ ምዕራብ፣ በዌስትላንድስና በካረን በኩል ያለው አፈር ቀይ ነው፤ በምሥራቅ፣ በኤምባካሲ በኩል መረሬ ይበዛል። ሁለቱም ብቻቸውን ዕቃ ውስጥ ሲገቡ ይጠቀጠቃሉ፤ በተለይ መረሬው ሲረጥብ አየር ያፍናል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የዕቃ አፈር ዋና ሥራው ለሥሩ አየር መስጠት ነው። ናይሮቢ ለዚህ የታደለች ናት፦ ከስምጥ ሸለቆ ቀላሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፑሚስ ይመጣል፤ የናይቫሻ አበባ እርሻዎችም ይጠቀሙበታል። የሩዝ ገለባ ከምዌያ፣ የኮኮናት ቃጫ ከባሕሩ ዳርቻ ይገኛል። ግማሹ ፑሚስና ገለባ፣ የቀረው ቀይ አፈርና በደንብ የበሰለ ብስባሽ ቢሆን ለአብዛኛው ዛፍ ይበቃል።

ከዕቃው በታች ጠጠር መደልደል ግን ጉዳት ነው፤ ለምን እንደሆነ ለማየት የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውሃ አጥግባችሁ በአግድሙ ያዙት። መንጠባጠቡ ሲያቆም ሳትጨምቁ በቁሙ አዙሩት፤ እንደገና ይፈሳል። ስፖንጁ ከታችኛው ጫፉ ላይ የተወሰነ ውፍረት ያለው ውሃ ይዞ ይቀራል። ቁመቱ ሲረዝም ከዚያ በላይ ያለው ክፍል ውሃውን ይለቃል። አፈርም እንዲሁ ነው። ውሃው ከደቃቁ አፈር ወጥቶ ሰፋፊ ክፍተት ወዳለው ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ ስለዚህ ረግረጉ ከጠጠሩ በላይ ይቀመጣል፣ ወደ ሥሩም ይጠጋል። ጠጠሩን ትታችሁ ዘለግ ያለ ዕቃ ምረጡ፤ ቀዳዳዎቹንም አብዙ። አፉ የተቆረጠ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ይበቃል። በኋላ 60 ሊትር ወደሚይዝ ዕቃ ስታዛውሩ ክብደቱን አስቡ፤ ውሃ ሲጠጣ 60 ኪሎ በቀላሉ ያልፋል፣ በረንዳውም የእናንተ ብቻ አይደለም።

ውሃው ራሱ ሌላ ነገር አለው። በናይሮቢ የቧንቧ ውሃ በየሰፈሩ በፈረቃ ስለሚመጣ ብዙ ሕንፃ በጉድጓድ ውሃና በቦቴ ይደጎማል። የከተማዋ የከርሰ ምድር ውሃ ቢካርቦኔት ይበዛበታል። ያ ውሃ ወር ከወር ሲፈስበት የአፈሩ ኮምጣጣነት ይጠፋና ሥሩ ብረት መውሰድ ያቅተዋል። ምልክቱን አንድ ጊዜ ካያችሁ አትስቱትም፤ ጫፍ ላይ ያለው አዲስ ቅጠል ይገረጣል፣ ደም ሥሮቹ ግን አረንጓዴ እንደሆኑ በመረብ መልክ ይቀራሉ። ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ቀድመው ከገረጡ ግን ጉድለቱ የናይትሮጅን ነው፣ ፍግ ይበቃዋል። ኮምጣጣ አፈር ለሚወደው ጃቡቲካባ መድኃኒቱ የዝናብ ውሃ ነው። በመጋቢትና በግንቦት መካከል፣ እንዲሁም በጥቅምትና በኅዳር የጣሪያ ውሃ በበርሜል ማጠራቀም ከሚሸጠው የብረት ማዳበሪያ ሁሉ ይረክሳል።

በረንዳው የዞረበትን አቅጣጫም አትናቁ። ናይሮቢ ከምድር ወገብ በጥቂቱ ወደ ደቡብ ስለምትሆን ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ መስከረም አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀሪው ጊዜ በደቡብ። የሐምሌን ብርድ የሚፈራ ተክል ሰሜን ወደሚያይ በረንዳ ይሂድ።

ቼሪሞያ ልዩ ክብካቤ ይጠይቃል። አዲሱ እምቡጥ የተደበቀው በቅጠሉ አንጓ ሥር ስለሆነ ቅጠሉ ካልረገፈ አይፈነዳም። ናይሮቢ ውስጥ ቅጠል የሚያራግፍ ክረምት የለም፤ ስለዚህ ከቅርንጫፉ ጫፍ ጥቂት ቅጠሎችን በእጃችሁ ትቆርጣላችሁ። አበባውም የራሱ አመል አለው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሦስቱ ወፋፍራም መልካበቦች ትንሽ ገለጥ ይላሉ፤ ያኔ አበባው ሴቴ ነው፣ ውስጡም ያብረቀርቃል። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሰፊ ሆኖ ይከፈትና ወንዴ ይሆናል፤ መታ ስታደርጉት ብናኙ ይረግፋል። ሁለቱ ጊዜያት ስለማይገናኙ ራሱን በቀላሉ አያዳቅልም። በአገሩ የሚያዳቅሉት ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ናቸው፤ በካሊፎርኒያና በስፔን ግን ገበሬው በእጁ ይሠራዋል። እናንተም ማታ ከወንዴው አበባ ብናኙን በትንሽ ዕቃ ሰብስባችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት፤ ጠዋት በለስላሳ ብሩሽ ገና ገለጥ ያለውን አበባ ውስጡን ቀቡት። አየሩ ደረቅ ሲሆን ቶሎ ይጠወልጋልና ሥራው ጠዋት ይሁን።

የያዘው ፍሬ ለመድረስ ከአምስት እስከ ስምንት ወር ይፈልጋል። ከአንድ ዕቃ ዛፍ ሦስት ወይም አራት ፍሬ አስቀሩ፣ የቀረውን በትንሽነቱ አውርዱት። አረንጓዴው ወደ ቢጫ ሲያደላ ጠንካራ እንዳለ ተቆርጦ ቤት ውስጥ ጥቂት ቀን ሲቀመጥ ይለሰልሳል። በማንኪያ ነው የሚበላው፤ ፍሬው ውስጥ ያለውን ጥቁር ዘር ግን ትፉት፣ ጭማቂ ስትሠሩም አብሮ እንዳይፈጭ ተጠንቀቁ፤ ሲፈጭ መርዝ አለው።