«ዳነ» እና «አዳነው»፦ የቅባት ሙከራና የምክንያት ግሥ

ዓላማ፦ ተማሪዎች ይህን ትምህርት ሲፈጽሙ (1) ሁኔታን ብቻ የሚናገረውን ግሥ ምክንያትን ከሚናገረው ግሥ ይለያሉ፤ (2) በማስረዳት ድርሰት ውስጥ ግሥን ከማስረጃው ጋር አመጣጥነው ይጽፋሉ።

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

በደቡብ ኦሞ፥ ከጂንካ ወደ ቆላው ሲወረድ፥ ከኦሞ ወንዝ በላይ ባለ ገደል አፋፍ ላይ ኮልቾ የምትባል የካሮ ሕዝብ መንደር ትገኛለች። አገሩ ሞቃትና ደረቅ ነው። ካሮዎች ገላቸውን በነጭ አፈርና በልዩ ልዩ ቀለም በማስጌጥ የታወቁ ናቸው። በዚህች መንደር የሚኖር አንድ ጐልማሳ ችፌ ወጣበት እንበል። ክንዱ ደረቀ፤ ቀላ፤ ሌሊት ሌሊትም እያሳከከው እንቅልፍ ነሣው። ከጂንካ አንድ አዲስ ቅባት አስመጥቶ ሁለት ሳምንት ተቀባ። ቁስሉ ጠገገ፤ ማሳከኩም ጋብ አለ። ጎረቤቱ ይህን አይቶ «ቅባቱ አዳነው» ሲል ለመንደሩ አወራ። ጎረቤቱ ይህን ለማለት በቂ ማስረጃ አለውን?

ሐኪሞች ኤግዚማ የሚሉት ችፌ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጠባዩ ግን ተለዋዋጭ ነው፤ አንድ ጊዜ ይብሳል፥ ሌላ ጊዜ ደግሞ ያለ መድኃኒት ይሻላል። ሰው ቅባት የሚፈልገው ሕመሙ በበረታበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ከቅባቱ በኋላ የታየው መሻል ከሦስት ምክንያቶች በአንዱ ወይም በሁሉም የመጣ ሊሆን ይችላል። አንደኛው በቅባቱ ውስጥ ያለው መድኃኒት ነው። ሁለተኛው መድኃኒቱ የተለወሰበት፥ ደረቅ ቆዳን የሚያለሰልሰው ቅባት ራሱ ነው። ሦስተኛው በሽታው በራሱ ጊዜ መብረዱ ነው። አንድን ሰው ብቻ አይቶ እነዚህን ሦስቱን መለየት አይቻልም።

ተመራማሪዎች አዲስ ቅባት ሲፈትኑ የሚከተሉት መንገድ ይህን ችግር የሚፈታ ነው። በመጀመሪያ አዋቂ ሕመምተኞች ዓላማውና ጉዳቱ ተነግሯቸው በፈቃዳቸው ይገባሉ። ቀጥሎ በዕጣ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን መድኃኒት ያለበትን ቅባት፥ ሁለተኛው ወገን በመልክ የሚመስለውን ነገር ግን መድኃኒት የሌለበትን ቅባት ይቀባል። ማን የትኛውን እንደ ያዘ ሕመምተኛውም ሐኪሙም እስከ መጨረሻው አያውቁም፤ ምክንያቱም ተስፋ ያደረገ ሰው ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ ሊያይ ይችላል። በሽታው በራሱ ጊዜ የሚበርድ ከሆነ ለሁለቱም ወገን እኩል ይበርዳል። ማለስለሻው የሚጠቅም ከሆነም ሁለቱንም ይጠቅማል። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ልዩነት የመድኃኒቱ ሥራ ነው።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2021 ሩክሶሊቲኒብ ስለሚባል የችፌ ክሬም የሁለት ሙከራዎች ውጤት ታትሟል። በሙከራዎቹ ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ 1,249 ሕመምተኞች ገብተው ለ8 ሳምንታት በቀን ሁለት ሁለት ጊዜ ተቀብተዋል። በመጀመሪያው ሙከራ 1.5 በመቶ መድኃኒት ያለበትን ክሬም ከተቀቡት ከመቶው 54 ያህሉ ቆዳቸው ጠራ ወይም ለመጥራት ጥቂት ቀረው። መድኃኒት የሌለበትን ከተቀቡት መካከልም ከመቶው 15 ያህሉ እንዲሁ ሆነላቸው። እነዚህን 15 ሰዎች ልብ በሉ። እያንዳንዳቸው ወደ መንደራቸው ቢመለሱ «ቅባቱ አዳነኝ» ለማለት ይችሉ ነበር፤ በተቀቡት ውስጥ ግን መድኃኒት አልነበረበትም።

እንዲህ ያለው ሙከራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በደቡብ ኢትዮጵያ ፖዶኮኒዮሲስ በሚባለው፥ በቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዘመን በባዶ እግር ከመሄድ በሚመጣው የእግር እብጠት የታመሙ 193 ሰዎች በሁለት ክሊኒኮች ተጠንተው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። አንደኛው ወገን የተለመደውን የእግር ማጠቢያ ቀጠለ። ሁለተኛው ወገን ውሃው ላይ 2 በመቶ ግሊሰሪን ጨመረ፤ የውሃውም መጠን ከ6 ሊትር ወደ 1 ሊትር ተቀነሰለት። ተመራማሪዎቹ ከቆዳው የሚተነውን እርጥበት በመሣሪያ ለኩ። ከ3 ወር በኋላ የሁለቱም ወገኖች ቆዳ ተሻሽሎ ተገኘ፤ ግሊሰሪን የጨመሩት ግን ይበልጥ ተሻሽለዋል።

ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት መንደር 6 ሊትርና 1 ሊትር ትልቅ ልዩነት አላቸው። ሆኖም ይህ ጥናት ለፖዶኮኒዮሲስ የተደረገ ስለሆነ ለችፌ ማስረጃ አይሆንም። ለችፌ ሌላ ሙከራ ያስፈልጋል።

የጎረቤቱ ንግግር ጉዳት የሚያመጣውም እዚህ ላይ ነው። «አዳነው» የተባለው ቅባት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ምናልባትም ለሕፃን ፊት ይቀባል። ብርቱ የሆኑ የኮርቲኮስቴሮይድ ቅባቶች ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡ ቆዳን ያሳሳሉ።

ለ. ሰዋስው

የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

1. ሰውየው ዳነ።
2. ቅባቱ ሰውየውን አዳነው።

በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ባለቤቱ ሰውየው ነው፤ ተሳቢ የለም። «ዳነ» የማይሻገር ግሥ ነው፤ የሚናገረውም የሆነውን ብቻ ነው። በሁለተኛው ግን ባለቤቱ ቅባቱ ሲሆን ሰውየው ተሳቢ ሆኗል። በግሡ መነሻ ላይ የተጨመረችው «አ» ግሡን ተሻጋሪ ከማድረጓም በላይ «ምክንያቱ እርሱ ነው» የሚል ፍርድ ይዛ ገብታለች። እንዲሁም፦

ደረቀ — አደረቀ
ለሰለሰ — አለሰለሰ
ሳሳ — አሳሳ
ቆሰለ — አቆሰለ

ማስታወሻ 1፦ በ«አ» የሚጀምር ግሥ ሁሉ ምክንያትን አይናገርም። በ«አከከ» ውስጥ ያለችው «አ» የግሡ ሥር ናት። «አሳከከ» ግን «እንዲያክ አደረገ» ማለት ስለሆነ ምክንያትን ይናገራል።

ማስታወሻ 2፦ «ቀነሰ» ያለ «አ» በሁለቱም መንገድ ይነገራል፦ «ማሳከኩ ቀነሰ»፤ «ቅባቱ ማሳከኩን ቀነሰው»።

ማስታወሻ 3፦ ማያያዣም እንደ ግሡ ይፈርዳል። «ከተቀባ በኋላ ዳነ» የጊዜን ቅደም ተከተል ይገልጻል። «ስለ ተቀባ ዳነ» ግን ምክንያትን ይገልጻል።

ሐ. የድርሰት ምክር

የማስረዳት ድርሰት ስትጽፉ ግሡን ከመምረጣችሁ በፊት ማስረጃችሁ ምን እንደ ሆነ ጠይቁ።

ያያችሁትን ብቻ ስትጽፉ፦ «ሁለት ሳምንት ከተቀባ በኋላ ቁስሉ ጠገገ።»
ግምታችሁን ስትጽፉ፦ «ቅባቱ የረዳው ይመስላል።»
በሙከራ የተረጋገጠውን ስትጽፉ፦ «መድኃኒቱ ያለበት ክሬም ከሌለበት ይልቅ የብዙ ሰዎችን ቆዳ አጠራ።»

ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር «ከሌለበት ይልቅ» የሚል ማነጻጸሪያ እንዳለው አስተውሉ። ደግሞም ችፌ ተመልሶ የሚመጣ በሽታ ስለሆነ፥ ማስረጃ ሲኖር እንኳ «አዳነው» ከማለት «ማሳከኩን አስታገሠለት» ማለት ወደ እውነቱ ይበልጥ ይቀርባል።

መ. መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ የሰውየው ክንድ ለመሻሉ ሊሆኑ የሚችሉትን ሦስት ምክንያቶች በራሳችሁ አነጋገር ጻፉ።
2. ሕመምተኞቹ በዕጣ ባይከፈሉና እያንዳንዳቸው የፈለጉትን ቅባት ቢመርጡ ውጤቱ እንዴት ሊሳሳት ይችላል?
3. የሚከተሉትን ግሦች ተሻጋሪ አድርጋችሁ በየአንዳንዳቸው አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ፦ ደማ፥ ጠፋ፥ ቀላ፥ ረጠበ።
4. ከሚከተሉት መካከል በ«አ» መነሻ ምክንያትን የሚናገሩትን ለዩ፦ አየ፥ አቆሰለ፥ አመነ፥ አሳሳ።
5. በአካባቢያችሁ «ያድናል» የሚባል አንድ ቅባት ወይም ቅጠል መርጣችሁ ሁለት አንቀጽ ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ሰዎች የሚሉትንና ያያችሁትን ብቻ ግለጹ። በሁለተኛው አንቀጽ «ያድናል» ለማለት ምን ዓይነት ሙከራ እንደሚያስፈልግ፥ ማን ከማን ጋር እንደሚነጻጸርና ምን እንደሚለካ አስረዱ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ምክንያትን በሚናገሩት ግሦች ሁሉ ሥር አስምሩና ማስረጃ የሌላቸውን ለውጡ።