ስለሚያንጠባጥብ የመኪና ውኃ ፓምፕ አለዋወጥ

በመቂ አካባቢ የሚያመርት ገበሬ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ የበሰለ ቲማቲም ቀን አይሰጥም። ሌሊት ተጭኖ ንጋት ላይ አዲስ አበባ ካልደረሰ ዋጋው ይወድቃል፤ መንገድ ላይ ከዋለ ደግሞ ይበሰብሳል። ስለዚህ የማኅበራችሁ ወይም የግላችሁ ፒክአፕ ከፊት በኩል ውኃ ማንጠባጠብ ሲጀምር፥ «ውኃ እየጨመርን መከሩን እንለፈው» ማለት አይገባም። ፓምፕ መለወጥ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የተቃጠለ ሞተር ማስጠገን ግን የአንድ መከር ትርፍ ሊበላ ይችላል።

ነገሩ በተለይ በደጋ አገር የሚብስበት ምክንያት አለው። ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በመቂ 95 ሳይደርስ፥ በአዲስ አበባ ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ቴርሞስታት የሚባለው፥ ማለት የሞቀው ውኃ ወደ ራዲያተር እንዲያልፍ የሚከፍተው መሣሪያ፥ በብዙ ሞተሮች 82 ዲግሪ አካባቢ ይከፈታል። በመካከሉ ያለው ልዩነት ጥቂት መሆኑን ልብ በሉ። ይህን ልዩነት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ውኃውን አፍኖ ስለሚይዘው በደጋም ቢሆን 110 ዲግሪ ሳያልፍ አይፈላም። ፓምፑ ሲያፈስ ግን ግፊቱ አብሮ ያመልጣል። መኪናው ጭነት ይዞ ከሞጆ ወደ ቢሾፍቱ፥ ከዚያም ወደ አቃቂ ሲወጣ ውኃው ያንሳል፥ ይፈላል፤ ቴስታታው ይጣመማል፥ አንዳንዴም ይሰነጠቃል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚያፈሰው በእርግጥ ፓምፑ መሆኑን መርምሩ። የላላ የጎማ ቧንቧ ማሰሪያ በፓምፑ ላይ እያንጠባጠበ ሰውን ሊያሳስት ይችላል። ሞተሩ ከበረደ በኋላ ከፓምፑ ሥር በእጅ ባትሪ ተመልከቱ። በዚያ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። በዘንጉ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ሲያልቅ፥ ውኃው ወደ ኩሽኔታው እንዳይገባ በዚች ቀዳዳ ወደ ውጭ ይወርዳል። በዙሪያዋ የደረቀ ነጭ፥ አረንጓዴ ወይም ቀይ ቅርፊት ካያችሁ ጥፋቱ የፓምፑ ነው። ማራገቢያውንም ይዛችሁ ነቅንቁት፤ ከተንገዳገደ ኩሽኔታው አልቋል። ቀዳዳዋን በሳሙና ወይም በእንጨት የሚደፍን ሹፌር ቢኖር ከልክሉት። ውኃው ኩሽኔታውን ይበላዋል፤ ዘንጉም የተሰበረ ዕለት ማራገቢያው ራዲያተሩን ይቀድደዋል።

በገጠር በብዛት በሚታየው የቶዮታ ሃይሉክስ 2ኤል፥ 3ኤልና 5ኤል የናፍጣ ሞተር፥ ፓምፑን የሚያዞረው ከውጭ የሚታየው የማራገቢያ ቺንጋ ስለሆነ ሥራው እምብዛም አያስቸግርም። ፓምፑን ከውስጥ ያለው የታይሚንግ ቺንጋ የሚያዞርበት ሞተር ከሆነ ግን ለመካኒክ መተው ይሻላል።

የራዲያተር ክዳን በትኩሱ አይከፈትም፤ እንፋሎቱ ፊት ያቃጥላል። ሞተሩ ሲበርድ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱና ውኃውን በንጹሕ ዕቃ ተቀበሉ። እዚህ ላይ አጥብቄ የማሳስበው ነገር አለ። ኩላንት የሚባለው ባለ ቀለም ፈሳሽ ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፥ ነገር ግን መርዝ ነው። መሬት ላይ ከፈሰሰ ጥጃና ውሻ ይልሱታል፥ ጥቂቱም ይገድላቸዋል። ሕፃናት በማይደርሱበት ስፍራ ከድናችሁ አስቀምጡት፤ በመጠጥ ውኃ ጀሪካንም አታኑሩት።

የማራገቢያውን ዳዶዎች ቺንጋው ሳይላላ አስቀድማችሁ አላሉ፤ ቺንጋው ከወለቀ በኋላ ፑሌጃው አብሮ እየዞረ ያስቸግራችኋል። ቀጥሎ ዲናሞውን አላልታችሁ ቺንጋውን፥ ማራገቢያውንና ፑሌጃውን አውጡ። የፓምፑ ቡሎኖች ርዝመታቸው አንድ ዓይነት ስላልሆነ፥ የፓምፑን ቅርጽ በካርቶን ላይ ሥላችሁ እያንዳንዱን ቡሎን በየቦታው ሰክታችሁ አቆዩ። ረጅሙ ቡሎን በአጭሩ ቦታ ከገባ ብረቱን ሊሰነጥቅ ይችላል።

አሮጌውና አዲሱ ፓምፕ ጎን ለጎን ይታዩ፤ የቡሎን ቀዳዳውና የዘንጉ ቁመት ካልተመሳሰለ ወደ ሱቅ መልሱት። አሮጌውን ጓርኒሲዮን ብረቱን ሳትቧጭሩ ፍቃችሁ አጽዱ፤ ፍርፋሪው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ቀዳዳውን በጨርቅ ያዙት፥ በኋላም ጨርቁን ማውጣት አይረሳ። ሲሊኮን ከተቀባ በስሱ ይሁን፤ የበዛው ተቆርጦ ራዲያተሩን ይደፍናል። ቡሎኖቹን በአንድ ጊዜ አታጥብቁ፤ ከዳር ወደ ተቃራኒው ዳር እየተሻገራችሁ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ። ቺንጋው ከተሰነጣጠቀ ለውጡት፤ ጥንድ ከሆነ ሁለቱም አብረው ይለወጡ። በመካከሉ በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ቢረግብ ትክክል ነው። ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ አዲሱን ኩሽኔታ ቶሎ ይጨርሰዋል።

የወንዝና የጉድጓድ ውኃ መጨመር የተለመደ ነው፤ ይሁን እንጂ በስምጥ ሸለቆ በብዙ ስፍራ ጉድጓዱ ጨውና ሶዳ ይበዛበታል። ይህ ውኃ ውስጡን ያዝጋል፥ ማሸጊያውንም ይሞርደዋል። ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውኃ ከኩላንት ጋር እኩል ለእኩል ይቀላቀል፤ አስቀድሞ የተቀላቀለ ኩላንት ከሆነ ግን ውኃ አይጨመርበትም። የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገት አቁማችሁ ቀስ ብላችሁ ሙሉ። ክዳኑ እንደተከፈተ ሞተሩን በዝግታ አሠሩት፤ አየሩ ሲወጣ ፈሳሹ ዝቅ ይላልና ጨምሩ። የላይኛው የጎማ ቧንቧ ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ክደኑት።

የልማት ሠራተኞች ይህን ሥራ ሹፌሮች በተሰበሰቡበት በማኅበሩ ግቢ ቢያሳዩ መልካም ነው። ከመጀመሪያው አጭር ጉዞ በኋላ ሞተሩ ሲበርድ ልኩን እንደገና ተመልከቱ፤ ማታም ከሞተሩ ሥር ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ቲማቲሙ ሊጫን ይችላል።