ባለ ባሌስትራ መኪናን ለአስቸጋሪ መንገድ የማዘጋጀት አሠራር

ባሌስትራ፣ ማለትም ተደራርበው የታሰሩ ቀስት መሳይ ዝርግ ብረቶች፣ ክብደት ከመሸከሙም በላይ አክስሉን በቦታው ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1984 መመረት የጀመረው የላንድ ክሩዘር 70 የሥራ መኪና የፊት ባሌስትራው በ1999 በጥምዝምዝ ሞላ ቢተካም፣ የኋላው እንደነበረ መቆየቱ የባሌስትራን ጥንካሬ ያሳያል። በአስቸጋሪ መንገድ ላይ የመኪና ብቃት ግን የሚለካው በቁመቱ ሳይሆን ጎማዎቹ በወጣ ገባ መሬት ላይ ከአፈር ሳይለቁ በመሄዳቸው ነው።

1. ክብደትን መመዘን። ለከባድ ጭነት የተሠራ ባሌስትራ በባዶ መኪና በደንብ ስለማይተጣጠፍ፣ መኪናው ዘወትር የሚይዘው ጭነት ተጭኖ እያንዳንዱ አክስል ለብቻው ይመዘናል።

2. ዝርጎቹን መምረጥ። የዝርግ ግትርነት ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን 8 ጊዜ፣ የመሸከም አቅሙ ግን 4 ጊዜ ብቻ ያድጋል። ስለዚህ ርዝመታቸውና ስፋታቸው እኩል የሆኑ 4 ባለ 6 ሚሊ ሜትር ዝርጎች የአንድ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ዝርግ ያህል ይሸከማሉ፤ ግትርነታቸው ግን ግማሹ ብቻ ነው። ቀጫጭንና ብዙ ዝርግ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ዝርግን መበየድ ወይም በእሳት ማቅናት ብረቱ በፋብሪካ ያገኘውን የመመለስ ጠባይ ስለሚያጠፋ ፈጽሞ አይገባም።

3. መፍታትና መግጠም። መኪናው በክሪክ ከተነሣ በኋላ ሻንሲው በጠንካራ መቆሚያ ተደግፎ አሮጌው ባሌስትራ ይፈታል። የአዲሱን ባሌስትራ ዝርጎች መሃል ላይ የሚያያይዘው ቡሎን ራስ በአክስሉ መቀመጫ ቀዳዳ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ የዩ ቅርጽ ያላቸው ቡሎኖች በአዲስ ተተክተው በየተራ በሰያፍ ይጠብቃሉ፤ አሮጌዎቹ አንዴ ስለተለጠጡ አይታመኑም። የጫፍ ቡሎኖች በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ላይ ከቆመ በኋላ ነው፤ አለበለዚያ በውስጣቸው ያለው ጎሚኒ ተጠማዝዞ ይቀደዳል።

4. ማዕዘኖችን ማስተካከል። ባሌስትራ ሲጫን ስለሚረዝም፣ ጫፉን ከሻንሲ የሚያገናኘው ተወዛዋዥ ማያያዣ ታችኛው ጫፉ ከቋሚው ጫፍ ወዲያ ማዘንበል አለበት። ከፍታ መጨመሩ የዲፈረንሻሉን አቅጣጫ ካዛባ፣ የካርዳኑ መገጣጠሚያ (ክሮቸራ) እንዳይጎዳ ከባሌስትራው ሥር ሽብልቅ ይገባል።

5. እንቅስቃሴውን መፈተሽ። አንድ ጎማ እስከ መጨረሻው ሲነሣና ሲወርድ፣ የባሌስትራውን መዋለል የሚገታው አሞርዛተር አክስሉ የማቆሚያውን ላስቲክ ከመንካቱ በፊት መጨረሻው ላይ አለመድረሱ፣ የፍሬኑ ቱቦም አለመወጠሩ ይረጋገጣል።

6. ዳግም ማጥበቅ። ዝርጎቹ ከተቀማመጡ በኋላ ቡሎኖቹ ስለሚላሉ፣ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ጉዞ በኋላ ሁሉም አምራቹ በወሰነው መጠን ይጠብቃሉ፤ የላላ ቡሎን አክስሉን ከቦታው አንሸራትቶ የመኪናውን መሪ አደጋ ላይ ይጥላልና።