ራም ሲጨምሩ ዋስትናዎን እንዳያጡ

አሜሪካ የገዙት ላፕቶፕ እየተንቀራፈፈ፣ «ከተፈታ ዋስትናው ይቀራል» ብለው ራም ሳይጨምሩለት የተቀመጡ ካሉ፣ ነገሩ እንደሚባለው አይደለም። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው የማግነሰን-ሞስ ሕግ፣ አምራቹ በሌላ ዕቃ ወይም በሌላ ጠጋኝ ስለተጠቀሙ ብቻ ዋስትናዎን እንዳይከለክልዎት ይጠብቅዎታል። የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም «ይህ ከተቀደደ ዋስትና የለም» የሚል ወረቀት የሚለጥፉ ኩባንያዎችን በ2018 እና በ2024 አስጠንቅቋል።

ዋስትናው የማይሸፍነው እርስዎ ራስዎ ያበላሹትን ነው። ስለዚህ ሳያበላሹ ይሥሩ፤ አለማበላሸትዎንም የሚያሳይ ማስረጃ ይያዙ።

መጀመሪያ የላፕቶፑን ሞዴል ከሥሩ አንብበው የጥገና መመሪያውን ከአምራቹ ድረ ገጽ ያውርዱ። ዴል፣ ሌኖቮና ኤችፒ በነጻ ያወጡታል። ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ እዚሁ ያቁሙ። ካልሆነ ዓይነቱን ለይተው ይግዙ፤ ዲዲአር 5 በዲዲአር 4 ቦታ አይገባም።

ቀጥሎ ፋይልዎን ሌላ ቦታ ይገልብጡ፤ ማሽኑ ደህና ሲሠራም በስልክዎ ይቅረጹት።

ከዚያ ያጥፉት፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ክዳኑን ከፍተው የባትሪውን ገመድ ያላቁ። ራሙን ከመንካትዎ በፊት ብረት ነክተው በሰውነትዎ ያለውን ኤሌክትሪክ ያስወግዱ። ብሎኖቹን እንዳያቀላቅሉ አደራ! ወረቀት ላይ የክዳኑን ቅርጽ ይሳሉና እያንዳንዱን በወጣበት ቦታ ያስቀምጡ። ረዥሙን ብሎን በአጭሩ ቀዳዳ ካጠበቁት ማዘርቦርዱን ሊወጋው ይችላል፤ ያንን ደግሞ ዋስትናው አይሸፍንልዎትም። የድሮውን ራም የሚቀይሩ ከሆነ መጀመሪያ ያውጡት፤ አዲሱን ራም አጋድመው ያስገቡና ሁለቱ የጎን መያዣዎች «ቀጭ» እስኪሉ ይጫኑት።

የወጣውን ራም አይሽጡት፤ ከደረሰኙ ጋር ያስቀምጡት። ከወራት በኋላ ስክሪኑ ወይም ኪቦርዱ ቢበላሽ፣ የድሮውን ራም መልሰው ይሞክሩ። ችግሩ ካልጠፋ ጥፋቱ ከጨመሩት ራም አለመሆኑን አሳይተዋል ማለት ነው። አዲሱ ራም ራሱ ከተበላሸ ግን ተጠያቂው የራሙ አምራች ነው። ከራሙ ሌላ ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት ዲስክ) ራስዎ አስገብተው ከሆነም፣ ለጥገና ሲልኩ አውጥተው ያስቀሩት።

«ስለፈታኸው አንጠግንም» ካሉዎት፣ የጨመሩት ዕቃ የትኛውን ክፍል እንዴት እንዳበላሸ በጽሑፍ እንዲገልጹ ይጠይቁ።

ላፕቶፑን አዲስ አበባ ላለ ዘመድ የሚልኩት ከሆነ፣ ዋስትናው ከአሜሪካ ውጭ ይሠራ እንደሆነ ወረቀቱ ላይ አስቀድመው ያንብቡ። የማይሠራ ከሆነ ራሙን እዚያው አሜሪካ ጨምረው፣ ጥቂት ሳምንት ተጠቅመውበት ይላኩት።